የቆርኪ ሰዎችና ሁለተኛው ዓይን

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሰውዬ የግቢውን የብረት በር ሰማያዊ ቀለም ይቀባ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከቆርቆሮው ጠርዝ ጠብታው አላለቀም፤ ፀሐይዋ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወጥታ አስፋልቱ ጭስ ጭስ እያለ ይተናል። የዘይት ቀለሙ ሽታ ቲነሩን አስከትሎ መጣና የእርጥቡን አፈር ሽታ ገፍቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እግሬ ቀጥ አለ።

"ማንን ፈልገሽ ነው?" አለኝ ሰውዬው።

ምን ልበለው? ሽታውን ነው ብለው አበደች ይለኛል። "ያምራል" አልኩት። በሩን ያልኩ መስሎት ፈገግ አለና ብሩሹን እንደገና ነከረ። እኔ ግን ከዚያ እስከ ቤቴ የሄድኩት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ተመልሼ ነው፤ ጥፍሬ ሥር ቀለም የገባ፣ በሄድኩበት ሁሉ ኪሴ የሚንሿሿ። የሚንሿሿው የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ያን ዓመት የክፍል ኃላፊያችን የነበሩት መምህርት አንድ ቀን ጠመኔያቸውን አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። "ዛሬ ምኞት አልፈልግም" አሉ። "ግብ ነው የምፈልገው። እየተነሳችሁ የዚህን ዓመት የግል ግባችሁን ንገሩኝ።"

የመጀመሪያው ተነሺ ዶክተር መሆን ነው አለ።

"በስምንተኛ ክፍል? ማንን ልታክምብኝ ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥላ የተነሳችዋ ጎበዝ ተማሪ እሆናለሁ ስትል ደግሞ፣ "ጎበዝ መሆንሽን በምን አውቃለሁ? ግብ ማለት ስትደርሺበት 'ይኸው' ብለሽ በእጅሽ የምታሳዪኝ ነገር ነው" አሏት።

በእጅሽ ሲሉ ደነገጥኩ። በእጄ ይዤ ነበራ! ከዴስኩ ሥር አንድ ቆርኪ እያሻሸሁ ነበር። ለምን እንደምወደው እንኳን በደንብ አላውቅም ነበር፤ ክብ ነው፣ ዙሪያው እንደ ፍሬም ተጠርዟል፣ ውስጡ የሆነ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ተራዬ ደርሶ ስነሳ አፌ ቀደመኝ። "በቆርኪ ውስጥ የሰው ፊት መሳል" አለ።

ከሳቁ ሁሉ የጎላው አጠገቤ የምትቀመጠው የጓደኛዬ ሳቅ ነበር። ጓደኛዬ ጎረቤቴም ናት፤ የእነሱን ግቢ ከእኛ የሚለየው የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። እሷ ስትስቅ ጉንጯ ወደ ላይ ይወጣና ዓይኗን ጥርግ አድርጎ ይሸፍነዋል። መምህርታችን ግን አልሳቁም።

"የማን ፊት?"

"የ... የመንደራችን ሰዎች።"

"መቼ ታሳዪኛለሽ?"

"ትምህርት ሳይዘጋ።"

"ጥሩ። ተቀመጪ። ይኼ ግብ ነው" አሉ። ያ ዶክተር የሚሆነው ልጅ እስከ ዛሬ ይቅር ያለኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላማ ቆርኪ ጨዋታ መሆኑ ቀረና ሥራ ሆነ። ቆርኪ የሚሰጡኝ የመንደራችን ባለ ሱቅ ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ለስላሳ በከፈቱ ቁጥር ቆርኪውን ባንኮኒው ሥር ባለ ጣሳ ውስጥ ጣል ያደርጉልኛል። እኔ ውስጡ የተለጠፈችውን ፕላስቲክ በቢላ ጫፍ እፈለቅቅና በጡብ ስባሪ እፍቀዋለሁ፤ ከዚያ ነጭ ቀለም እቀባና አደርቃለሁ። ቀለሙን የማገኘው ከመንደራችን ጫፍ የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጀርባ ላይ ጽሑፍ ከሚጽፉት ጋሼ ዘንድ ነው። ባርኔጣቸውን ዝናብም ፀሐይም ቢሆን አያወልቁም። ጣሳ ሥር የሚቀረው ዝቃጭ ሁሉ የእኔ ነበር።

"ውሰጂ፣ ውሰጂ" ይሉኛል። "ያንቺ ሰዎች እንደሆኑ አንድ ጠብታ ጣል ቢደረግላቸው ሙሉ ሱፍ ይለብሳሉ።"

ብሩሹ ደግሞ የድመታችን ነው። ከጅራቷ ጫፍ ትንሽ ፀጉር በመቀስ ቆረጥ አድርጌ የክብሪት እንጨት ላይ በክር አሥራለሁ። ድመቷ ይኼን ካወቀች በኋላ መቀስ ባየች ቁጥር አጥር ዘልላ እነ ጓደኛዬ ቤት ትገባ ጀመር። ጓደኛዬም በአጥሩ በኩል፣ "ስደተኛሽ መጥታለች፣ ወተት እየጠጣች ነው፣ ስትረጋጋ እልካታለሁ" ትለኛለች። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አጎቴ ከጅማ ያመጣልኝ እውነተኛ ብሩሽ አለ። የድመቷን ጅራት ግን አያክልም፤ እውነቱን ለመናገር።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ውስጥ እኔ ትንፋሼን ይዤ በአንዲት ፀጉር ጫፍ የሰው አፍንጫ እሠራለሁ። ትንፋሽ ከለቀቃችሁ አፍንጫው ጉንጭ ላይ ይሄዳል። ፀጉር ተሳካልኝ። ነጠላ ተሳካልኝ። የጋሼ ባርኔጣማ ከራሳቸው ባርኔጣ በለጠ። አንደኛው ዓይን ራሱ ተሳካልኝ። ጉዱ ሁለተኛው ዓይን ነው። አንዱ ቦንጋ ከተማን ሲያይ ሌላው በተቃራኒው ዋጫን ያያል። በቲነር ላጥፋው ስል የመጀመሪያውንም ይዞት ይሄዳል። እናቴን ስዬ ሳሳያት ራቅ አድርጋ ያዘችውና፣

"ይቺ ማናት?" አለች።

"አንቺ ነሽ እማዬ።"

"ኧረ! ሐኪም ቤት ልሂድ እንዴ?"

ብዙ ቆርኪ አበላሸሁ። ከዚያ አንድ ቀን መፍትሔው እንደ መብረቅ መጣልኝ፤ ሰውን ከጎን መሳል! አንድ አፍንጫ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ ዓይን፣ አለቀ። እናንተ ብትሆኑ ይኼን ያህል ብልህ መሆናችሁ አያስደስታችሁም? እኔማ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል የመንደሩ ሰው በሙሉ ቆርኪ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁሉንም በካርቶን ላይ ለጥፌ፣ መምህርቷ ከማየታቸው በፊት ባለቤቶቹ ይዩት ብዬ እሁድ ጠዋት እትዬ ሱቅ ይዤው ሄድኩ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። እናቴም አለች፣ ጋሼም ስኳር ሊገዙ ቆመዋል። እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መነጽራቸውን አደረጉና ካርቶኑን ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ወይኔ! ጋሼ እኮ ናቸው! ባርኔጣው! ይቺ ደግሞ እናትሽ። ኧረ እጅሽን ይባርከው! እኔስ የታለሁ?"

በጣቴ አሳየኋቸው። ካርቶኑን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ሁሉ አዩ።

"ሌላው ዓይኔስ?"

"በወዲያ በኩል ነው እትዬ። ከጎን ስለሆነ አይታይም።"

"አይታይም?" መነጽራቸውን አወለቁ። "ነይ እስቲ ወዲህ። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳው ላይ ያሉት ቅዱሳን ስንት ዓይን አላቸው?"

"ሁለት።"

"ይሁዳስ?"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ እግሬን አየሁ።

"ይሁዳስ ነው የምልሽ!"

"አንድ።"

"ሰይጣንስ?"

"አንድ።"

"ጎሽ። እንግዲህ እኔን ከማናቸው ጋር ነው ያስቆምሽኝ?"

እናቴ ጀርባ ላይ ከታዘልኩበት ጊዜ ጀምሮ በየእሁዱ ያየሁት ሥዕል! ጻድቅ ከፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉ ከጎን በአንድ ዓይን። ይኼን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ እጄ ግን አላወቀም። በአንድ ካርቶን ላይ መንደሩን በሙሉ ሲኦል አስገብቼዋለሁ። እናቴ "እኔንም? የወለድኩሽን?" ስትል ሳቋን እየታገለች ነበር። ጋሼ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ስኳሩን ረሱት።

"እኛ ጸሎት ቤት ግድግዳው ባዶ ነው" አሉ። "እኔ ግማሽ ብሆንም አልቀየም። ባርኔጣዬ ሙሉ ነው።"

"እርስዎማ ምን አለብዎት!" አሏቸው እትዬ። ወዲያው ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብለው የቆርኪዬን ጣሳ አወጡና ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሳሙናው ጀርባ ሰቀሉት። "ዓይኔን እስክትመልሺልኝ ቆርኪ የለም።"

መምህርታችንም ሲያዩት ብዙ አልተናገሩም። እያንዳንዷን ቆርኪ በጥሞና አዩ፣ የጋሼን ባርኔጣ ሲያዩ ሳቅ አሉ፤ ከዚያ "ፊት አልነበር ያልሽኝ? ይኼ እኮ ግማሽ ነው" ብለው መለሱልኝ። ከሁሉም የባሰው እሱ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ጓደኛዬ በአጥሩ ቀዳዳ የጠራችኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው በምትልበት ድምፅ፣ "አባቴ ተዛወረ" አለች። "ቢታ ገነት።"

"መቼ?"

"ትምህርት እንደተዘጋ።"

አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ዝውውር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ዝውውር የሚባለው ነገር የሌላ ሰው አባት ላይ ነበር የሚደርሰው። እሷ ናት የቀጠለችው። "ይልቅ ሥዕሌን አምጪ፣ ይዤው ልሂድ።"

ከካርቶኑ ላይ ነቅዬ በአጥሩ አቀበልኳት። ብዙ አየችው። መለሰችልኝ።

"ይቺን ይዤ አልሄድም።"

"ለምን?"

"እዚህ እኮ ክፉ አለመሆኔን ሰዉ ያውቃል። ቢታ ገነት ማን ያውቀኛል? መጀመሪያ የሚያዩት ሥዕሌን ቢሆንስ?"

እየሳቀች ነው ያለችው። የሚስቀው ግን አፏ ብቻ ነበር፤ ዓይኖቿ ያን ቀን በቦታቸው ነበሩ። ያኔ ቃል ገባሁላት። መምህር ሳያዝ፣ ክፍል ሳይሰማ፣ ለራሴ ያወጣሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ግብ ይኼ ነው፤ መኪናው ሳይመጣ ጓደኛዬን በሁለት ዓይኗ መሳል።

ቆርኪ የለኝም፤ ስለዚህ የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ በጡብ መፋቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ራሴን ፋቅኩ። ቀጥሎ የመንደራችንን ባለ ወፍጮ። ጋሼን ስፍቅ ባርኔጣው አሳዘነኝ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ዓይን ሞከርኩ፤ ሁሉም ቦንጋና ዋጫን ያያል። ክረምቱ ገብቷል፤ የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ልብስ እንኳን የማያደርቅ ነው፣ የዘይት ቀለምማ አንዴ ከተቀባ እስከ ማግስቱ እንደ ማር ይጣበቃል። ትምህርት ተዘጋ። እነ ጓደኛዬ ቤት የሳጥን ድምፅ መሰማት ጀመረ።

ሊሄዱ ሰሞን እናቷ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ሹሩባ ይሠሯት ነበር። በካፊኖኖ ቋንቋ ለጎረቤታቸው የሆነ ነገር ያወራሉ፣ ጎረቤትየዋ ትስቃለች፣ ጓደኛዬ ደግሞ ፊቷን ታጨማድዳለች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የእናቷን ጣቶች አያለሁ። በቀኝ አንድ ዘለላ ጎነጎኑ። ከዚያ ወደ ግራ ዞረው አንድ ጎነጎኑ። እንደገና ወደ ቀኝ። ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

"ለምን አንዱን ወገን አይጨርሱም?"

"አንዱን ብጨርስ እጄ ይደክማል፣ ሌላው ይላላል" አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "ልጄ በአንድ በኩል ጎበዝ፣ በአንድ በኩል ሰነፍ ሆና ቢታ ትግባ? ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ። እኩል ይሄዳል።"

"እማዬ አመመኝ!"

"ዝም በይ፣ አንቺ። ሳያምም የሚያምር የለም።"

ተነስቼ ሮጥኩ። "ይቺ ልጅ ምን ሆነች?" ሲሉ ከኋላዬ ሰማሁ። መስኮቴ ሥር ቁጭ አልኩና ዓይን መሳል ተውኩ፤ ነጥብ ብቻ። ከዚህ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ አንድ ነጥብ። ከዚህ ቅንድብ፣ ከዚያ ቅንድብ። አንዱን ሳልጨርስ ወደ ሌላው። ቀና ስል ቆርኪው ውስጥ ያለው ሰው አየኝ። በሁለቱም! እውነቴን ነው፣ ደንግጬ ከወንበሩ ተነሳሁ። እትዬ ነበሩ። በማግስቱ ዓይናቸውን ወሰድኩላቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ አወልቀው፣ እንደገና አድርገው፣ "ኩሉን ትንሽ አብዝተሽዋል" አሉና ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረዱልኝ።

ለጓደኛዬ ምርጡን ቆርኪ መረጥኩላት፤ ያልጎበጠ፣ ያልዛገ። ፀጉሯን፣ አንገቷን፣ ቢጫ ሹራቧን ጨርሼ አደረቅሁ። ፊቷን ግን ከፊቴ ተቀምጣ ካልሆነ አልነካም ብዬ አስቀረሁት። ለነገ ጠዋት ተቀጣጠርን፤ መኪናው ከነገ ወዲያ ነው የተባለው። ቀለሙ የሚደርቅበት አንድ ቀን አለን ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ግን በአይሱዙ ጥሩንባ ነው የነቃሁት። ሹፌሩ ሌሊቱን የጣለውን ዝናብ አይቶ፣ መንገዱ ሳይበላሽብኝ ብሎ አንድ ቀን አስቀድሞ መጥቷል። ቆርኪዬን፣ ቀለሜንና የክብሪት ብሩሼን ይዤ በአጥሩ ሾለክሁ። ግቢው በዕቃ ተሞልቷል። አባቷ ፍራሽ ላይ ሸራ ይስባሉ፣ እናቷ ድስት ይቆጥራሉ፣ ሹፌሩ "ቶሎ በሉ እንጂ" ይላል። ጓደኛዬ የጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ገና ያልተጫነ ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

"አትሳቂ" አልኳት።

"አልስቅም" አለች። እውነትም አልሳቀችም።

ከዚህ ነጥብ። ከዚያ ነጥብ። ጠብታው ከቆርቆሮው ይወርዳል፤ ትንፋሼን ይዣለሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስትስቅ ብቻ ስላየኋት ይሆን፣ የግራ ዓይኗ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ እንደሚል አላውቅም ነበር። ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ። ብሩሹን አንስቼ አየኋት። እሷም አየችኝ። የሷ ዓይን እየረጠበ ሲመጣ "አታልቅሺ፣ ቀለሙ ላይ ይወርዳል!" ብዬ ጮህኩባት። ያኔ ነው ሁለታችንም ሳቅ የፈነዳብን። ዓይኗ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ደግነቱ ጨርሼ ነበር፤ ግራውን ዝቅ አድርጌ።

"ነይ ተሳፈሪ! ሰው ተቀምጦ እየጠበቀ ነው እኮ!" አሉ እናቷ ከመኪናው።

"እርጥብ ነው" አልኳት። "እስከ ነገ አይደርቅም። እንዳትጠቀልይው፣ እንዳታዘነብይው። እንዲህ አድርገሽ ያዢው።" መዳፏን ከፍቼ መሐሉ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ሌላኛውን እጇን እንደ ግድግዳ ከነፋሱ በኩል አቆምኩላት። ሁለት እጇ ተይዞ ስለቀረ አባቷ ብድግ አድርገው ጋቢና ውስጥ አስገቧት። እንደዚያ ሆና አልተቃቀፍንም። ማን ይተቃቀፋል፣ እርጥብ ቀለም መሐላችን እያለ?

መኪናው ተነሳ። ጭቃውን እየረጨ ወደ ዋናው መንገድ ሲታጠፍ እኔ ከጎኑ እየሮጥኩ እጄን አወዛወዝኩ። እናቴም በር ላይ ወጥታ አወዛወዘች፣ እትዬም ከሱቃቸው። ጓደኛዬ ግን አላወዛወዘችም፤ እጅ የላትማ። በመስኮቱ የሚታየኝ አዲሱ ሹሩባዋና ወደ መዳፏ ያጎነበሰ ፊቷ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እሷ አብራ ትወዛወዛለች፣ መዳፏ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። አንድ ጊዜ፣ ቦዩን ሲሻገሩ፣ ቀና ልትል አገጯን አነሳች።

"እኔን አትይ!" እያልኩ ጮህኩ፤ ድምፄ እስኪሰነጠቅ። "እኔን አትይ፣ እሱን እዪው! እንዳያዘነብል!"